የናታን አስፈሪ አልበም ሲመረቅ

የናታን እንዳለ ድምፅ ከጉሮሮው አይወጣም፤ ከጉሮሮው ሥር ካለ ምድር ቤት ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ መኪና ሊገጨው ሲል «ኧረ!» ቢል፣ ከፒያሳ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመ መኪና ሁሉ የሌባ ማንቂያው ጮኸ፣ የጊዮርጊስ እርግቦችም ተነሥተው ሳያርፉ ዋሉ ይባላል። እንግዲህ ይባላል ነው፤ የሚለው ደግሞ ራሱ ናታን ነው።

ይህን ጉሮሮ ይዞ «ዝገት» በሚባል የሄቪ ሜታል ባንድ ውስጥ ሲያጓራ ኖረ። ሄቪ ሜታል ማለት ጊታሩ እንደ ብረት መጋዝ፣ ከበሮው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ፣ ዘፋኙ ደግሞ ሊታረድ እንደታሰረ ወይፈን የሚጮህበት ሙዚቃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚወድ ሰው የለም አይባልም። አለ። ሁሉም አንድ ሚኒባስ ይበቃቸዋል፤ ያውም ያለ ትርፍ።

ባንዱ የተጣላው በፎቶ ነው፤ ማን መሀል ይቁም በሚል። ጊታሪስቱ ዮኤል ናታንን ከላይ እስከ ታች አየውና፦

«ስማ ጀለሴ፣ አንተ ያለ እኔ ጊታር ሆዱን የቆረጠው ሰው ነህ። ለብቻህ አንድ አግዳሚ ወንበር አትሞላም» አለው።

«ለብቻዬ አልበም አወጣለሁ!» አለ ናታን። «ያውም ሰምተኸው ሽንት ቤት በአጃቢ የምትሄድበት!»

እንዲህ ብሎ ወጣ፤ ወጥቶም ሠራው። አስፈሪ አልበም። የኪራይ ክፍሉን ቁም ሳጥን ከፍቶ፣ ልብሱን አውጥቶ፣ ራሱን አስገብቶ ቀዳው። የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ትል ነው። ሁለተኛውም ስለ ትል ነው፤ ግን የተራበ ትል። ሦስተኛው «ጥርስ» ይባላል፤ ግጥሙ ውስጥ ከጥርስ ሌላ ቃል የለም። ለማጀቢያ የሥጋ ቤት መጋዝ አጥንት ሲቆርጥ ቀዳ፣ ውሾች ሲጣሉ ቀዳ፣ የራሱን ሆድ ባዶውን ሲጮህ ቀዳ። የራሱ ሆድ ከሁሉም በለጠና የአልበሙ መግቢያ ሆነ።

እንዲህ ያለ የፍርሃት ጌታ ግን መብራት ሳያበራ አይተኛም። መብራት በጠፋ ቀን ሻማ ይዞ ሲዘምር ያድራል፤ ያውም በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን የሕፃናት መዘምራን ውስጥ የተማረውን መዝሙር። ይህን ከራሱና ከግድግዳው በቀር የሚያውቅ የለም።

አባቱ ጋሽ እንዳለ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፒያሳ ጀርባ በአንድ ሰፊ ግቢ ኖረው፣ ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጡ። ናታን ብቻ ነው ፒያሳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የቀረው። እናቱ ሴት ልጃቸውን ፅናትን ሊያርሱ ሐዋሳ ወርደዋል። ስለዚህ ጋሽ እንዳለ ከአራተኛ ፎቅ ሆነው ቀኑን ሙሉ የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ መቼ ነው ሰው የሚሆነው?

ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ የኢንሹራንስ ቢሮ የቀድሞ ተማሪያቸው ኃላፊ ሆኖ ነበርና ለናታን ወንበር አስያዙለት። ከዚያ አስጠርተው ተነጋገሩ።

«ይሄ ማጓራትህ ሥራ ነው ትላለህ?»

«ሥራ ነው አባዬ።»

«ሥራ ከሆነ ሰው ይመጣል። ቅዳሜ ታስመርቃለህ አይደል? መጥቼ አያለሁ። አዳራሹ ከሞላ አፌን እዘጋለሁ። ካልሞላ ሰኞ ጠዋት ክራባት አድርገህ ቢሮ ትገባለህ። ተስማማን?»

ናታን አንገቱን ዳበሰ፤ ክራባቱ ከአሁኑ አነቀው። ቢሆንም «ተስማማን» አለ።

ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ዐፊፋ የምትባል ሴት የማተሚያ ሱቅ አላት። ሱቋ ጠባብ ናት፤ በቀኝ ግድግዳ የሰርግ ጥሪዎች ተለጥፈዋል፣ በግራ የሙታን ፎቶዎች። መሀሉ ላይ ዐፊፋ ኮምፒውተሯን ይዛ ተቀምጣለች። ናታን ገባና ወደ ግራ ዞረ።

«እንደዚህ ዓይነት ፖስተር ነው የምፈልገው። ፎቶዬ በጥቁርና ነጭ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር፣ ከታች ሻማ። ስሜ በትልቁ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው። ሌላ ምንም የለም።»

ዐፊፋ ከመነጽሯ በላይ አየችው። «ወንድሜ፣ ይሄ ለሞተ ሰው ነው የሚሠራው።»

«እሱኑ ነው የምፈልገው።»

«አላህ ያርቅልህ! ቢያንስ ‹የሙዚቃ ዝግጅት› የሚል ጣል ላድርግበት እንጂ።»

«ፍርሃት መግለጫ አይለጠፍበትም፤ ፋራ አታድርጊኝ።»

«የአልበሙን ስምስ?»

«ሚስጥር ነው። መድረክ ላይ ነው የሚነገረው።»

«እሺ፤ ፈገግ ያልክበት ፎቶ የለህም?»

«እኔ አልስቅም።»

«እነዚህ እንኳ ይስቃሉ» አለች ወደ ግራው ግድግዳ እያሳየች። እውነቷን ነው፤ ሟቾቹ በሙሉ ጥርሳቸውን አሳይተው፣ ገሚሶቹ የሰርጋቸውን ሱፍ ለብሰው ይስቁ ነበር። ናታን ብቻ ነው ተኮሳትሮ የታተመው። ከሞቱት ሁሉ በጣም የሞተ መሰለ።

ሰኞ ዕለት ፖስተሩ በየምሰሶው ተለጠፈ። ማክሰኞ ጋሽ ብርሃኔ አዩት።

ጋሽ ብርሃኔ የፈረሰው ሰፈር እድር ሊቀመንበር ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ተበተነ፤ ገሚሱ የካ አባዶ፣ ገሚሱ ቦሌ አራብሳ፣ ገሚሱ ኮዬ ፈጬ ደረሰው። እድሩ ግን አልፈረሰም፤ ግድግዳ የለውማ፣ የሚፈርስ ቤት የሚቀባው ቀይ ቀለም ምኑ ላይ ይቀባበት? እንዲያውም ጠና። ሰዎቹ ለሰርግ «ሩቅ ነው» ብለው ይቀራሉ፣ ለልደት «ታክሲ የለም» ይላሉ፤ ሞት ሲሆን ግን ከኮዬ ፈጬም በእግር ቢሆን ይመጣሉ። ስለዚህ መልካም ቀን ተገናኝተው አያውቁም። ሲገናኙ አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው።

ጋሽ ብርሃኔ ጊዮርጊስን ተሳልመው ሲመለሱ ምሰሶው ላይ የጋሽ እንዳለ ልጅ በጥቁር ተከቦ ሻማ በርቶለት ሲያፈጥባቸው አማተቡ። እንደምንም ፎቶ አንሥተው የእድሩ ቴሌግራም ላይ ለጠፉት። ድሮ ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ አሁን ቴሌግራም ነው። ከሥሩም እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት አዳራሽ። ኮንዶሚኒየም ድንኳን መትከያ ስለሌለው አዳራሽ መያዛቸው ነው። አባትየው ገና አልሰማም። እናትየው ሐዋሳ አራስ ቤት ናት፤ ቀብሩ የዘገየው ለእሷ ይሆናል። መርዶው በሥርዓቱ እስኪነገር ማንም ትንፍሽ እንዳይል!»

በዚህች በመጨረሻዋ ቃል ነው ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው። መርዶ እንደ ወሬ አይወራም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰውዬው ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው የሚነገረው። እስከዚያው ወደ ቤተሰቡ አይደወልም፣ አይጠየቅም። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሰፈር ሰው ሳምንቱን ሙሉ እያወቀ ለጋሽ እንዳለ ዝም አላቸው። ጋሽ እንዳለ ደግሞ ቁልፍ ያለው የድሮ ስልክ ነው የያዙት፤ ቴሌግራም አይገባበትም።

ጋሽ ብርሃኔ ግን ጠንቃቃ ናቸውና ለማጣራት ወደ ሟቹ ስልክ ደወሉ። ቤተሰብ ያነሣው ይሆናል ብለው ነው። ናታን በበኩሉ እስከ ቅዳሜ ድረስ እንደ ሰው ላያወራ ምሎ ነበር፤ ማንም ሲደውል በመድረክ ድምፁ ነው የሚመልሰው።

«ናታን የለም» አለ ከምድር ቤቱ። «ናታን አፈር ውስጥ ነው።»

ጋሽ ብርሃኔ እያለቀሰ ጉሮሮው የተዘጋ ዘመድ መሰላቸው። «አይዞህ ልጄ» አሉት፣ «አይዞህ፤ ሁላችንም እንመጣለን» ብለው ዘጉት።

ናታን ስልኩን ሳመው። አድናቂ! ያውም ሽማግሌ አድናቂ!

ቅዳሜ ናታን በጊዜ አዳራሹ ደረሰ። ሳጥን ተሸክሞ ነው የመጣው። ሬሳ ሳጥን። ሙዚቃው ሲጀምር መድረክ ላይ ከሳጥኑ ውስጥ ሊወጣ ነው ዕቅዱ። ከሳጥን ሻጭ በውሰት ያመጣው ነው፤ ሻጩም «ተኝተህበት ስታበቃ ለማንም እንዳታወራ፤ አዲስ ነው ብዬ ነው የምሸጠው» ብሎታል። ናታን ፊቱን በስንዴ ዱቄት አነጣ፣ ዓይኑን ከሰል ቀባ፣ ጥቁር ካባ ደረበ። የአዳራሹ ጠባቂ የሺዓለም ክንዷን አጣጥፋ ታየዋለች።

«ክዳኑ ሲከፈት ይቺን ቁልፍ ትጫኛለሽ፤ ሙዚቃው ይነሣል» አላት።

«ከመከፈቱ በፊት ብትሞትስ?»

«ቀዳዳ በስቻለሁ።»

«ጥሩ። እኔ ሬሳ መጥረግ ሥራዬ አይደለም» አለችና ክዳኑን ጫነችበት። ከዚያ ከራሷ አስባ የአዳራሹን የፕላስቲክ አበባ አምጥታ ከላይ አኖረችለት። እንዲያምር።

ሳጥን ውስጥ መተኛት ከመድረክ ላይ ሲያስቡት ቀላል ነው። ውስጡ ግን ጨለማ ነው። ናታን አንድ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ለጥፎ፣ በሆዱ መዝሙር እያለ፣ ጆሮውን አቆመ።

መጀመሪያ አንድ እግር ገባ። ከዚያ ብዙ እግር። ወንበር ተጎተተ፣ ተጎተተ፣ ተጎተተ። የናታን ልብ ከበሮ መታ። ከዚያ ልቅሶ ተሰማ።

«አዬ ድራማ!» አለ በሆዱ። «ሙዱ ገብቷቸዋል! ይሄ ነው አድማጭ!»

ልቅሶው እየደራ መጣ። ደረት ሲደለቅ ተሰማ። ናታን በሕይወቱ እንዲህ ያለ ምት ሰምቶ አያውቅም፤ የ«ዝገት» ከበሮ መቺ ይሄን ቢሰማ ዱላውን ሰብሮ ሊስትሮ ይሆን ነበር። ወዲያው አንድ የሚያውቀው ድምፅ በሩ ጋ ጠየቀ።

«ምንድነው? ምን ሆኖ ነው ሰዉ የሚያለቅሰው?»

ዮኤል ነው። ባዶ ወንበር አይቶ ሊስቅ ነበር የመጣው።

«ናታን አረፈ» አለው አንድ ሰው። «ያው ሳጥኑ።»

ከዚያ አንድ ነገር መድረኩ ላይ ተደፋ፤ ቀዳዳው በዮኤል ጃኬት ጨለመ።

«ጀለሴ! እኔ ነኝ የገደልኩህ! ፎቶው ላይ መሀል ብትቆም ምን ነበረበት! በጉሮሮህ ቀንቼ ነው እኮ! ጊታሬ ማንም ነው፤ ጉሮሮህ ነው ባንዱ!»

ናታን መሳቅ አማረው። ይህን ቃል በሞባይሉ መቅዳት ነበረበት። ግን ወዲያው ሌላ ድምፅ ዮኤልን ገፍቶ መጣ። የድሮ ጎረቤታቸው የእማማ ዓለምጸሃይ ድምፅ ነው።

«ናቲዬ! ድመት የምትፈራው! ሽንት ቤት እጄን ይዘህ የምትሄደው! ‹እማማ በሩን አይዝጉት፣ እማማ ይዝፈኑልኝ› የምትለኝ! ፍራሽህን ደብቄ ያሰጣሁልህ! አሁን እዚያ ጨለማ ውስጥ ማን ይዝፈንልህ?»

አዳራሹ በሙሉ ሲንሰቀሰቅ ናታን ሳጥኑ ውስጥ ላብ በላብ ሆነ። ፍራሹ የቤት ሚስጥር ነበር። እማማ ዓለምጸሃይ ድራማ አያውቁም። እማማ ዓለምጸሃይ ያለቀሱት ከእውነታቸው ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ «እንመጣለን» ያለው ሽማግሌ...

«ሞቻለሁ» አለ ናታን። ነገሩ ገባው።

ጨዋ ልጅ ቢሆን በዚያው ቅጽበት ክዳኑን ከፍቶ ይወጣ ነበር። እጁንም አንሥቶ ነበር። ግን ሰኞ ትዝ አለው። አባቱ ገና አልመጡም። አሁን ከተነሣ ሰዉ ስቆ፣ ተሳድቦ ይሄዳል፤ ጋሽ እንዳለ የሚደርሱት ባዶ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ እጁን መልሶ ደረቱ ላይ አጣጠፈ። አባቱ ወንበሩን እስኪያዩ ትንሽ ሞቶ ቢቆይ ማንን ይጎዳል?

ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ጸጥ አለ። ጋሽ እንዳለ ገቡ ማለት ነው።

«ብርሃኔ? እናንተም አላችሁ?» አሉ ጋሽ እንዳለ በግርምት። «እማማ ዓለምጸሃይም? ይሄ ሁሉ ሰው ለናታን ነው የመጣው?»

«ለናታን ነው እንዳለ» አሉ ጋሽ ብርሃኔ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ለናታን ነው ወንድሜ።»

«ከየካ አባዶ ሳይቀር?»

«ከኮዬ ፈጬም አለ።»

«እኔ እኮ ሰው አይመጣለትም ብዬ...» አሉ ጋሽ እንዳለ። የሚኮሩም የሚያፍሩም ይመስሉ ነበር። «እንደዚህ የሚወደድ ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ይሄኔ አንዲት ሴት አምልጧት እሪ አለች፤ አፏን አፈኗት። ጋሽ እንዳለን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ውሃ መጣ። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ያዙ።

«ለምንድነው የምትይዙኝ?»

«እንዲሁ ነው ጋሼ።»

ጋሽ ብርሃኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዳለ፣ አንተ የእግዚአብሔር ሰው ነህ። ጠንካራ ሰው ነህ። ስንቱን ያጽናናህ ሰው ነህ...»

ይህን አነጋገር በዚህ አገር የማያውቀው የለም። ጋሽ እንዳለ ራሳቸው ለስንቱ ተናግረውታል። ብርጭቆው ከእጃቸው ወድቆ ሲሰበር ናታን ሰማ፤ ሰኞም ክራባትም ከጭንቅላቱ ጠፋ። ክዳኑን በሁለት እግሩ ረገጠው። የፕላስቲክ አበባው ወደ ጣሪያ ሄደ። የሺዓለም ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናትና ቁልፉን ተጫነች፤ የተራበ ሆድ፣ የአጥንት መጋዝና የውሻ ጠብ በአንድ ላይ ከድምፅ ማጉያው ፈነዳ። በዚህ መሀል ናታን ዱቄትና ከሰል ለብሶ ቆመና «አባዬ!» አለ። ግን በየትኛው ድምፅ! ሳምንት ሙሉ የለመደው የምድር ቤቱ ድምፅ ነው የወጣው።

አንድ ሰው ብቻ ፈራ። ዮኤል። በሩን ሳይሆን መስኮቱን ነው የመረጠው፤ ያዩት እንደሚሉት ቴዎድሮስ አደባባይ እስኪደርስ እግሩ መሬት አልነካም።

ሌላው ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ እማማ ዓለምጸሃይ ተነሥተው ነጠላቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። «እልልልል! ልጄ ተነሣ! እልልልል!» ሴቶቹ ተቀበሏቸው። አዳራሹ ሰርግ ቤት ሆነ። ናታንን እየዘለሉ ሳሙት፤ የሳመው ሁሉ አፍንጫው ነጭ ሆነ። ለአስፈሪ ዘፋኝ ከዚህ የባሰ ውርደት አለ? ከሬሳ ሳጥን ወጥቶ እልል ተባለለት!

ጋሽ እንዳለ የያዟቸውን ጎረምሶች አራግፈው ቀረቡ። የልጃቸውን ጉንጭ በጣታቸው ነኩ፤ ጣታቸውን አዩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዱቄት ነው።»

«የምን ዱቄት?»

«የስንዴ።»

«የስንዴ» አሉ ጋሽ እንዳለ፤ ከዚያ አንድ ጥፊ አቀመሱት። ዱቄቱ እንደ ጉም ተነሣ። ወዲያው አቅፈው ትከሻው ላይ አለቀሱ።

ነገሩ ሲጣራ ጋሽ ብርሃኔ ደማቸው ፈላ። «የእድሩ ንፍሮ ተቀቅሏል! አሁን ምን ልናደርገው ነው?»

«ይበላ እንጂ!» አሉ ከኋላ።

«ያልሞተ ሰው ንፍሮ?»

«ከሞተው ይሻላል፤ ይጣፍጣል!»

ንፍሮው ዞረ። አንድም ሰው አልሄደም። ናታን ይህን አይቶ ልቡ ሞላና ማይኩን ያዘ፤ አልበሙን ከትሉ ጀምሮ አወረደላቸው። ሰዎቹም አዳመጡት፤ ለቅሶ ቤት በሚቀመጡበት ትዕግሥት፣ ራሳቸውን ደፍተው፣ አልፎ አልፎ «እህም» እያሉ። በትሉና በተራበው ትል መካከል ስልክ ተለዋወጡ። ማን ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ፣ የማን ሊፍት እንደቆመ፣ የማን ልጅ እንደደረሰች ተጠያየቁ። ናታን «ጥርስ! ጥርስ! ጥርስ!» እያለ መሬት ላይ ሲንከባለል፣ እማማ ዓለምጸሃይ መድረኩ ጥግ ድረስ ቀርበው «ናቲዬ፣ ካመመህ እኮ የሚነቅሉ ሐኪሞች አሉ» አሉት።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሽ እንዳለ እጃቸውን አወጡ፤ እንደ ተማሪ።

«አዳራሹ ሞልቷል። ቃሌን አልበላም። ግን የሞላው በሬሳህ ነው፤ ሬሳ ሁሉ አዳራሽ ይሞላል። አንተ አስፈሪ ሙዚቃ ነው ያልከኝ። እስካሁን ንፍሮ የሚቆረጥም እንጂ የፈራ ሰው አላየሁም።»

«ዮኤል ፈርቷል!»

«እሱ ሙዚቃውን አልሰማም፤ አንተን ነው የፈራው። ከእነዚህ አንዱን በዘፈንህ አስፈራና ሰኞን እርሳው። ካልሆነ ክራባቱ ተገዝቷል።»

«ልክ ነው!» አሉ ጋሽ ብርሃኔ። «እኛ እንፍረድ። ና፣ አስፈራን!»

ናታን ያለውን ሁሉ አወጣ። አጓራ። ምላሱን አወጣ። ካባውን ገልብጦ ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «ሞት መጥቷል!» ሲል ጋሽ ብርሃኔ «ግባ በለው፤ ንፍሮ አልቋል» አሉ፤ ሰዉ ተንከተከተ። በቤቱ ግድግዳ ላይ ቀዩ ቀለም ሲቀባ ቆሞ ያየ ሰው በትል ይፈራል? ናታን ማይኩን ዝቅ አደረገ። ክራባቱ አንገቱ ላይ ዞረ።

በዚህ መሀል ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ሰዓቷን አየችና «እኔ እንኳ ልነሣ» አለች። ሳቁ ቀጥ አለ። «ኧረ ገና ነው!» አሏት ከግራ። «ተቀመጪ እንጂ!» አሏት ከቀኝ፤ እጇን ያዟት። እማማ ዓለምጸሃይ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ብርሃኑ ዘንበል ማለቱን አይተው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ናታን ፊታቸውን አየ። ያን ፊት ያውቀዋል፤ መብራት በጠፋ ቀን መስታወት ውስጥ የሚያየው የራሱ ፊት ነው።

ሙዚቃውን እንድታጠፋው ለየሺዓለም በእጁ ነገራት። ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጠፈ። ከምድር ቤቱ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደ ታክሲ ረዳት መጣራት ጀመረ።

«ኮዬ ፈጬ...»

አንድ ሰው አፉ ውስጥ የቀረውን ንፍሮ መቆርጠም አቆመ።

«ኮዬ ፈጬ... አንድ ሰው የቀረው። የካ አባዶ... ግቡ። ቦሌ አራብሳ... ሰልፉ ረዝሟል። ሊፍቱ ቆሟል። በሩ ተዘግቷል። ጎረቤት ማነው? ጎረቤት አይታወቅም። ቡና ጠጡ የሚል የለም... ቱሉ ዲምቱ...» አለ፤ እዚህ ላይ ድምፁን ጭራሽ አወረደው፤ ወለሉ ነዘረ። «ቱሉ ዲምቱ... አራተኛ ፎቅ። ብቻ።»

አንዲት ሴት የእውነቷን ጮኸች።

«ተው! ይሄንንስ ተው ልጄ!» አሉ እማማ ዓለምጸሃይ፤ ጆሯቸውን ይዘው።

ጋሽ ብርሃኔ ፊታቸው ከናታን ዱቄት በላይ ነጥቶ ተነሡ። «ሰልፉ!» አሉ። «ጎበዝ፣ ሳይመሽ ሰልፉ!» ወንበር ወደቀ፣ ጫማ ተረገጠ፣ ሰው በሰው ላይ ተገፋፍቶ ወጣ። በሳጥኑና በሬሳው ያልበረገገ ሰፈር፣ በታክሲ ጥሪ በአንድ ትንፋሽ ተበተነ። ናታን ለመጀመሪያ ጊዜ በዘፈኑ ሰው አስፈራ። ለመጀመሪያ ጊዜም ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆመ።

ባዶ አልነበረም፤ ጋሽ እንዳለ አልተነሡም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«አባዬ፣ ወጡ» አለ ናታን በሰው ድምፅ። «አዳራሹ ባዶ ነው። ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምገባው?»

«ሰኞን ማን አነሣ?» አሉ ጋሽ እንዳለ። «ፈርተዋል። አንተ አስፈራ አልኩህ፤ አስፈራህ። አለቀ።»

«አንተስ?»

ጋሽ እንዳለ ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ ወደ በሩ ሳያዩ «ተነሣ ሸኘኝ» አሉት። «እስከ ታች አይደለም። እስከ ቤት። ዛሬ እዚያው ታድራለህ።»

አባትና ልጅ ወጡ። ናታን ፊቱን አልታጠበም፤ የሺዓለም ውሃውን ዘግታ ሄዳለች። ሰልፉ ላይ ሲደርሱ የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንገቱን ቀብሮ በየመስመሩ ቆሟል፤ የኮዬ ፈጬ ለብቻ፣ የየካ አባዶ ለብቻ። ረዳቶቹ ሲጣሩ ሰዉ እየሰቀጠጠው ወደ ናታን ይዞራል። ጋሽ ብርሃኔ ከመስመራቸው ሳይወጡ አንገታቸውን ወደ እሱ አስረዘሙ።

«ናታን!» አሉ። «እባክህ ልጄ፣ ሌላ ጊዜ ስትሞት በጠዋት ሙት። ሳንጫወት መሸብን እኮ!»